ለዘር የቀረችው

የጀልባውን ሐሳብ ያመጣው ባለቤቴ ነው። በሃምሳዎቹ ማብቂያ ግድም ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ይሠራ ነበር። ከባሕር ዳር ተዛውሮ የመጣ አንድ ዳኛ፣ ጣናን በሞተር ጀልባ ከዳር እስከ ዳር እንዴት እንደተጓዘ አወራለት። ሁለት ቀን ሄዶ ሁለት ቀን መመለስ፣ በየደሴቱ መቆም፣ ሲመሽ ከዳር ተጠግቶ ማደር። ባለቤቴ ያን ዕለት ለምሳ ሲመጣ እጁን ሳይታጠብ «በዓመት ፈቃዴ ልጆቹን ይዘን በጀልባ እንሄዳለን» አለኝ።

ልጆቹ ሦስት ነበሩ። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በመጪው መስከረም ትምህርት ቤት ይገባል። ሁለተኛው አራት ሞልቶታል። ሴቷ ገና ሁለት አልሞላትም፤ ጡት ከጣለች ሁለት ወር ቢሆናት ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ እዚያው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምሬ ነው ያገባሁት። ጣናን በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ በሰማያዊ ቀለም አይቼዋለሁ። ከወንዝ የሰፋ ውሃ ግን በዐይኔ አላየሁም ነበር። እሺ ለማለት ብዙ አልዘገየሁም።

ያን ጊዜ ሰው ለመዝናናት ብሎ አገር አያቋርጥም። መንገድ የሚወጣው ለቀብር፣ ለሠርግ፣ ለሙግት ወይም ለጠበል ነበር። ጎረቤታችን ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፤ ወሬውን እንደሰሙ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አስግገው ጠየቁኝ።

«ስለት አለባችሁ?»

«የለብንም።»

«እህ፣ ጠበል ነዋ። የትኛው ልጅ ነው የታመመው?»

«ማንም አልታመመ። ሐይቁን ለማየት ነው።»

«ውሃ ለማየት!» አሉና ሳቁ። «አንች የማርቆስ ልጅ፣ የላህ ወንዝ ከደጅሽ ሲወርድ ይውል የለም እንዴ? እንስራሽን አዝለሽ ብትወርጂ ታይዋለሽም፣ ትቀጂዋለሽም።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ያገኘን ሰው ሁሉ «ውሃ ልታዩ ነው አሉ» ይለን ጀመር።

ባለቤቴ ነገርን በደንብ ሳያጠና የሚነሣ ሰው አልነበረም። ባሕር ዳር ለሚያስተምር የአክስቱ ልጅ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጀልባው በሳምንት አንድ ጊዜ ይነሣል፣ ስንቅ ከቤት ይያዛል፣ ጣራ አለው፣ ርዝመቱ ሃያ እርምጃ ይሆናል ይላል። ከታች ደግሞ እንዲህ የሚል ነበረበት፤ በጎንና በጎኑ ያለው ብረት ከትልቅ ሰው ጉልበት አያልፍም፣ ልጅ በሥሩ ይሾልካል፣ ልጅ የያዘ ሰው ዐይኑን አይነቅልም።

በዚያው ቅዳሜ ባለቤቴ አመድ በሰፌድ ይዞ ወጣና ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ሠራ። ግቢው ለሃያ እርምጃ ስላልበቃ ዐሥራ ሁለት አደረገው። ፊቱን አሾለው፣ ኋላውን ቀጥ አደረገው፣ መሐሉ ላይ ለመቀመጫ ሁለት ግንድ አጋደመ። ወንዶቹን አንዱ ላይ አስቀመጣቸው፣ ሴቷን ከመሐላቸው አደረጋት፣ እኔን ከፊታቸው።

«ይሄ መስመር ውሃው ነው» አላቸው። «መስመሩን የረገጠ ሰመጠ።»

ወንዶቹ ወዲያው ገባቸው። እግራቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ሴቷ ግን ከግንዱ ወርዳ፣ እየተወላገደች ሄዳ፣ አመዱን ረግጣ ወጣች።

«ሰመጠች! አባባ፣ ሰመጠች!» ብለው ጮኹ።

እሷ ጩኸቱ ጨዋታ መሰላት። እየሳቀች ተመለሰች፤ አሁንም ሄዳ ረገጠችው። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ሆነ። ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ ሆነው «ኧረ ያዟት፣ ጉማሬው ሊበላት ነው!» ይላሉ።

ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ይህንኑ እንለማመድ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለእራት ስንቀርብ «ዛሬ አራት ጊዜ ሰመጠች» እያለ ይስቅ ነበር። በኋላ ሳይስቅ ይለው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ተወው።

እኔ በበኩሌ መፍትሔ ያልኩትን ሠርቼ ነበር። ከአሮጌ ጋቢ ጥለቱን ቀድጄ፣ ደርቤ፣ ሦስት መቀነት ሰፋሁ። አንደኛው ጫፍ በልጁ ወገብ፣ ሌላው ጫፍ በእኔ ወገብ የሚታሰር ነው። እያንዳንዳቸውን አቁሜ ለካሁ። የሴቷ ከሁሉም ያጠረ ነበር፤ እንዳይምታታብኝ ብዬ ጠርዙን በቀይ ክር ዘመዘምሁት።

ለአስተርእዮ ማርያም አማቴ ከገጠር መጡ። ቤታቸው ከቡሬ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ባላቸው ሞተው፣ እርሻውንም ከብቱንም ራሳቸው የሚያዙ፣ ንግግራቸው አጭር ሴት ነበሩ። ባለቤቴ እሳቸውን «እማ» ሲል እየሰሙ ልጆቻችንም እሳቸውንም እኔንም «እማ» ነበር የሚሉን። አመዱን ጀልባ ቆመው አዩት።

«ሁላችሁም ባንድ ላይ?»

«አዎ እማ፣ ሰፊ ነው» አለ ባለቤቴ።

«ስፋቱን ጠየቅሁህ? ሁላችሁም ባንድ ላይ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ።»

አማቴ ግንዱ ላይ ተቀመጡ። «አባቴ ዓባይን ሲሻገር ልጆቹን ባንድ ታንኳ ጭኖ አያውቅም። አንዱን ከወዲህ ማዶ ለዘር ይተው ነበር። ውሃ የሰጡትን ሁሉ ነው የሚወስድ። ቤት የሚዘጋው እንዲያ ነው።»

«እማ፣ ያ በክረምት፣ በቁርበት ታንኳ ነው። ይሄ እኮ ሞተር አለው።»

«ሞተሩ መዋኘት ይችላል?»

 አማቴ ልጅቱን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው «ይችን ለዘር ተዉልኝ» አሉ። «ላሟ ታልባለች። ወተት እየጠጣች ትቆየኛለች። ስትመለሱ ትወስዷታላችሁ።»

እኔ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መቀነት ሰፍቼላታለሁ፣ እመይቴ» አልኳቸው።

«መልካም አደረግሽ። ወንዶቹን እሰሪበት።»

በዚህ ጉዳይ ላይ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ቀን ተነጋገርን። እሱ በእናቱ አነጋገር አላምንም እያለ፣ አመዱን ግን ያስታውሳል። እኔ ትወሰድ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ትቅር አልኩ። ለምን እንደተለወጥኩ በጊዜው ለማንም አልተናገርኩም። ውሃውን መፍራቴ እውነት ነው። ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዬ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አራት ቀን ልጅ ሳላዝል መቀመጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ጥር ሊያልቅ ሲል ተነሣን። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ደርሰን ለመመለስ ነው ያሰብነው። ስንቁ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ነበር። ቡሬ ከአውቶቡስ ወርደን በእግራችን ወደ አማቴ ቤት ሄድን። ልክ ከመድረሳችን በፊት ያለው የጎረቤት ግቢ በሩ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ተጋድሞበታል። በቀን፣ ሰው ቤት እያለ፣ በር በእሾህ ሲዘጋ አይቼ ስለማላውቅ ጠየቅሁ።

«ከብት እንዳይገባ ነው» አሉ አማቴ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ከብት እንዳይገባ ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ እንዳታለቅስ ሳንሰናበታት መሄድ እንደሚሻል አማቴ ነገሩን። ከጓዳ እንደ ነጭ ድንጋይ የጠጠረ አይብ አምጥተው አስያዟት። እሷ እሱን ስትልስ እኛ በጓሮ በኩል ወጣን። ዞሬ አላየሁም፤ ካየሁ ታየኛለች ብዬ ነው።

ባሕር ዳር ስንደርስ የጀልባው ሞተር ተሰብሯል። ዕቃው ከአስመራ ይመጣል ተባለ። አንድ ሳምንት ጠበቅን፣ ሁለተኛውም አለፈ። በአክስቱ ልጅ ቤት በአንዲት ክፍል ተጨናንቀን ሰነበትን፤ ቅበላውም እዚያው አለፈን። እንመለስ አልኩት።

«እዚህ ድረስ መጥተን?» አለኝ። «ፈቃዴ እኮ በዓመት አንዴ ነው። ልጅቱ እናቴ ዘንድ ናት። የት የሚሻል ቦታ አላት?»

 የአማቴ ቤት በስልክ የሚጠየቅ፣ ደብዳቤም የሚደርሰው አይደለም። በመጨረሻ ጀልባው ተጠገነና ተሳፈርን።

ስለ ጀልባው ብዙ የምጽፈው የለኝም። ሁለቱን ልጆች ወገቤ ላይ አስሬ መሐሉ ላይ ተቀመጥሁ፤ የተሳፈሩት ነጋዴዎች «ሴትዮዋ ሙክት ልትሸጥ ነው ጎርጎራ» እያሉ ሳቁብኝ። ጉማሬ አየን። ትልቁ ልጅ ደወሉን እንዲደውል ተፈቀደለት። አንድ ደሴት ላይ ገዳሙ ሴት አያስገባም ስለተባለ፣ ባለቤቴ ወንዶቹን ፈትቶ ይዟቸው ወረደ፣ እኔ ብቻዬን ጀልባው ውስጥ ቀረሁ። ጀርባዬ ባዶ ነበር፣ ወገቤም ባዶ ነበር። እግሬን ዘርግቼ ውሃውን አየሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ሰዓት ደስ ብሎኝ እንደነበረ አስታውሳለሁ።

ከቤት ከወጣን ሦስት ሳምንት ሊሞላን ሲል ቡሬ ደረስን። ወደ አማቴ ቤት ስንሄድ ወንዶቹ እየሮጡ ይቀድሙን ነበር፤ ስለ ጉማሬው ለአያታቸው ማን ቀድሞ እንደሚያወራ ይጣላሉ። ትልቁ ግቢው በር ላይ ደርሶ ቆመ።

«እማ፣ በሩ ላይ እሾህ አለ» አለኝ።

ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ቀረ። ፊቱን ሳይ ነው እሾሁ ምን እንደሆነ የገባኝ። ኩፍኝ የገባበት ቤት ነው እንዲያ የሚዘጋው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ዝም ብሎ እንዳይገባ።

አማቴ ድምፃችንን ሰምተው ከቤት ወጡ። እሾሁን አላነሡም።

«እዚያው ቁሙ።»

«ስንት ቀኗ ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ከወጣባት አምስት ቀኗ። ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው መሰለኝ። ትንፋሿ አላማረኝም።»

«እማ፣ ቡሬ ክሊኒክ ወስደን ድሬሰሩ ይያት።»

«ኩፍኝ የወጣባትን ልጅ ፀሐይ ላይ ታወጣልኛለህ? መርፌ ታስወጋልኛለህ? የነማን ልጅ እንደሞተ አታውቅም?»

እኔ እሾሁን ለማንሣት እጄን ዘረጋሁ። አማቴ ክንዴን ያዙኝ። ጭካኔ አልነበረውም አያያዛቸው።

«ልጄ፣ ወንዝ የተሻገረ ሰው እንኳ አርፎ ነው የሚገባ። አንች ባሕር ተሻግረሽ ነው የመጣሽ። የመንገድ ጠረን አለብሽ፤ ይመታታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ትገቢያለሽ። ልብስ እሰጥሻለሁ። እስከዚያ ከጎተራው ጥላ ሥር ተቀመጪ።»

ጎተራው ከቤቱ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እሾሁን ገለጥ አድርገው እስከዚያ አሳለፉን። ባለቤቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ወንዶቹን ዝም በሉ አልኳቸው። ትንሹ መቀነቱን ከቦርሳ አውጥቶ በራሱ ወገብ ላይ አስሮ ይጫወት ጀመር።

በትምህርት ቤት የጤና አጠባበቅ ተምሬያለሁ። ጠረን በሽተኛን እንደማይመታ፣ እናት ከመንገድ ስለመጣች ልጅ እንደማይሞት አውቅ ነበር። በፈተና ተጠይቄም ጽፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ማወቄ ከጎተራው ጥላ አላስነሣኝም። ገብቼ አንድ ነገር ብትሆንስ? ያኔ የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው። ባልገባ ግን ጥፋቱ የእኔ አይሆንም ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ብዬ ማሰቤን ዛሬ መካድ አልፈልግም።

ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ከውስጥ ስታስል ይሰማኛል። አንዴ ሁለቴ «እማ» አለች። የምትጠራው አያቷን ይሁን እኔን ማወቅ አልቻልኩም። አማቴ «አቤት፣ አቤት የኔ ዓለም» ሲሉ ሰማሁ። ስለዚህ እኔ አቤት አላልኩም።

ባለቤቴን «ጠይቃቸው» አልኩት።

«እናቴ ሰባት ወልዳ አራት ቀብራለች» አለኝ። «ከእኛ የበለጠ ታውቃለች።»

የጎተራው ጥላ እየረዘመ ሄዶ የቤቱን ግድግዳ ነካ። ሳሉ ቀነሰ። ተሻላት አልኩ። ባለቤቴም እንደዚያ ያሰበ ይመስለኛል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ አቧራውን አራገፈ።

አማቴ በሩ ላይ ወጡ። እሰጥሻለሁ ያሉኝን ልብስ አልያዙም። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ነበረች።

«ግቢ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ግቢ።»

ገባሁ።

ክርስትና ተነሥታ ስለነበር በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረች። ስትገነዝ፣ የምትገንዛት ሴት «የሚታሰርበት ነገር የላችሁም?» ብላ ጠየቀች። ቦርሳዬን ከፍቼ ቀይ ክር ያለበትን መቀነት ሰጠኋት። ለምን እንደሰፋሁት አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። ልኩ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ጎረቤታችን ሰው ሰብስበው ደጃችን ላይ ጠበቁን። ስለ ውሃው ማንም አልጠየቀ። በግቢው ውስጥ ከአመዱ መስመር ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ በኋለኛው በኩል፣ ከግንዱ ሥር። ባለቤቴ ግንዶቹን ፈልጦ ለማገዶ አደረጋቸው። አመዱን ዝናብ እስኪያጥበው ማንም አልነካውም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የዓመት ፈቃዱን ቤት ተቀምጦ ነው የሚጨርሰው።

አማቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። አልወቀስኳቸውም፣ እሳቸውም አልወቀሱኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎመን እየቀነጠስን ሳለ፣ ቀና ሳይሉ «እሾሁን አይተሽው ነበር፤ የጎረቤቱን» አሉኝ።

«አይቸዋለሁ» አልኳቸው።

«አጥር ይለየናል ብዬ ነው።»

ቀጥለን ጎመኑን ቀነጠስን።

ወንዶቹ አሁን የልጅ ልጅ አይተዋል። በዓል ሲሆን ተሰብስበው ስለ ጀልባው ማውራት ይወዳሉ። ትልቁ ደወሉን ያመጣል፣ ጉማሬውን ያመጣል። «እማ እንደ ፍየል አስራን ነበር» ሲል ልጆቹ ይስቃሉ። በልጅነታቸው ከዚያ የተሻለ ቀን እንዳልነበራቸው ይናገራል። እኔም ሲጠይቁኝ ጥሩ ነበር እላለሁ።

ትንሹ ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር። እሱ ሲያወራ አንድ ነገር ይጨምራል። «እህታችን እማ ጭን ላይ ተኝታ ነበር» ይላል። «በአጭሩ መቀነት፣ በቀዩ ታስራ። ወንዶቹ ወደ ደሴቱ ስንወርድ እሷ ከእማ ጋር ጀልባው ላይ ቀረች።» ትልቁ ወደ እኔ ያያል።

ሃምሳ ዓመት አለፈው እንዲህ ሲል። አርሜው አላውቅም።